አርባ ሦስት ቅጂ

ጥር 6

ፖስታው ደርሷል።

ለወንድሜ ለመፍቻ፤ ጤናህ፣ ዐይንህና ድምፅህ እንዲበረቱ እመኛለሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ማክሰኞና ሐሙስ ትምህርት የለንም። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እናቴ ደህና ናት። ስምህን ዛሬም አልያዘችውም፤ "ያ ሰዓቴን የፈታው ልጅ እንዴት ነው?" ትለኛለች። የአያቶቻችን ወንድማማችነት ከጭንቅላቷ ወጥቶ፣ በአራት ዓመትህ የግድግዳ ሰዓቷን ምንጣፍ ላይ መበተንህ ብቻ ነው የቀረው። መፍቻ ብላ ያወጣችልህ ስም ከሁሉም ስሞችህ ዕድሜው ረዝሟል።

ማሸጊያው አልተነካም። ፊርማህ ከክዳኑ ወደ ታች ሳይሰበር ያልፋል። ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት፣ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ሳልከፍት የኮምፒውተር ላቡ ብረት ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሰኞ ጥር 12 ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ፣ እንዳልከኝ ብቻዬን ኮፒ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ አርባ ሦስት ቅጂ አነሳለሁ። ዋናውንም ቅጂዎቹንም አንድ ላይ መልሼ አሽጋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ተማሪዎቹ ፊት እከፍታለሁ።

ስለ ቴምብሩ ግን ዝም ብዬ አላልፍህም። የመረጃ ደህንነት ዶክተር ነህ። ባሕር ማዶ ተቀምጠህ በስክሪን ታስተምራለህ። ፈተናህ ግን በፖስተኛ ቦርሳ አሥር ቀን ተጉዞ ይመጣል። የበር ጥበቃው "እትዬ፣ ዛሬም የፍቅር ደብዳቤ መጣ?" አለኝ። አምና ፈተናው ከትምህርት ክፍሉ ኢሜይል ሾልኮ እንደወጣ አያውቅም። "አዎ፣ አርባ ሦስት ሰው የሚያስለቅስ" አልኩት።

የሐሙሱን ልንገርህ። ስለ ሁለቱ ቁልፎች፣ ለሁሉም ስለሚሰጠውና ባለቤቱ ስለሚደብቀው ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ። አፍህን እንደከፈትክ ስክሪኑ ላይ ደርቀህ ቀረህ። አንዱ "ዶክተሩ ሊውጡን ነው" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሥራ አራት ደቂቃ አልተመለስክም። እኔም ከመሳቢያዬ አምስት ጓጉንቸር አወጣሁ። ክፍት እንደሆኑ አደልኳቸው፤ መክፈቻውን ኪሴ ከተትኩ። "ለእኔ ምስጢር የሚልክ ሰው ሳጥኑን በዚህ ይዝጋ። መዝጋት ለማንም ነው። መክፈት የእኔ ብቻ ነው" አልኳቸው። ከቤታቸው በኢንተርኔት ለሚከታተሉት ዘጠኙም በካሜራው አሳየኋቸው። ስትመለስ "የት ደረስን?" አልክ፤ "ጨርሰናል!" አሉህ። ለምን እንደሳቁ ያልገባህ ለዚያ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። የረዳት አስተማሪ ቦታ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ኬብል ስጎትት ኖሬአለሁ። ዲፕሎማዬ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ያንተን ኮርስ ግን ሦስት ዓመት ከኋላ ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተምሬዋለሁ። ዲኑ "ከአስተማሪው ድጋፍ አምጪ" ብሎኛል። የምታውቀውን ብቻ ጻፍልኝ፤ አትቀባባው።

ዕድሜ ይስጥህ።

እህትህ

ጥር 16

ለተከበሩ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም ለእናትዎም ጤና እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን።

ፈተናው ሾልኮ ወጥቷል። ሰኞ ጥር 12 ከሰዓት በኋላ፣ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመጀመሪያው ገጽ ፎቶ በኢሜይል ደረሰኝ። በዚያው ቀን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አሳወቅኩ። ፈተናው ይሰጥ፣ አስቀድሞ ያየ ሰው ካለ ከመልሱ ይታወቃል ብለን ተስማማን። የመልስ ወረቀቶቹ ተቃኝተው ስለደረሱኝ ሁሉንም አርሜአለሁ። ከሚገባው በላይ የመለሰ ተማሪ የለም።

ስለዚህ በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ የምፈልገው፣ ፖስታውን በስንት ሰዓት እንደከፈቱ፣ ኮፒ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደነበረ፣ የተበላሸ ወረቀት ካለ የት እንደገባ፣ በዚያን ሰዓት ስልክዎ የት እንደነበረ ነው። የማያስታውሱት ካለ አላስታውስም ይበሉ እንጂ አይገምቱ።

ስልክ አልደወልኩም። ጉዳዩ በወረቀት ቢሆን ይሻላል። የትምህርት ክፍሉን ኢሜይል እንደማላምነው ያውቃሉ። ማክሰኞ እንደተለመደው በስክሪን እንገናኛለን፤ ተማሪዎች ፊት ይህን ባናነሳው ደስ ይለኛል።

ጤና ይስጥልኝ።

የኮርሱ አስተማሪ

ጥር 27

ለወንድሜ፤ ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ቤትህ ሰላም ይሁን።

የሥጋ ዘመድ እርስዎ ሲለኝ ወንበር እየቀረበልኝ ሳይሆን በር እየተዘጋብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ለጠየቅከው ሁሉ መልስ አለኝ።

ኮፒ ክፍል የገባሁት ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። ፖስታውን የከፈትኩት በሩን ከቆለፍኩ በኋላ ነው። እዚያ የነበርነው እኔ፣ ማሽኑና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነን። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ አሽጌ ወጣሁ። አንድ ገጽ ማሽኑ ነክሶት ተጨማደደ። ቀዳድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቤቴ ወስጄ አቃጠልኩት። ሳቃጥለው ያየኝ ሰው የለም። ይህ እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ፤ የነገርኩህ ስለጠየቅከኝ ነው። ስልኬን ላቡ ውስጥ ትቼ ነው የሄድኩት። ይህም ያንተ ትእዛዝ ነበር። አንድም የገመትኩት ነገር የለም።

አሁን አንተ ያልነገርከኝን ልንገርህ። ዛሬ ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠራኝ። በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው፤ ሌላ ጊዜ እኔን ነው "ዝጊው" የሚለኝ።

"ዶክተሩ የላከው አንድ ፖስታ ይመስልሻል?" አለኝ።

"አንድ ነው የተቀበልኩት።"

"ሦስት ነው። አንዱ ለመጠባበቂያ እኔ ጋ፣ አንዱ የሬጅስትራር ካዝና ውስጥ፣ አንዱ አንቺ ጋ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ያለው ቁጥር በየፖስታው ይለያያል። እኔ ጋ ያለው 17 ነው። ሬጅስትራር ጋ 19። ያንቺ 23።" ቀጥሎም "ፎቶው ላይ ያለው ስንት ነው ትያለሽ?" አለኝ።

"እንቆቅልሽ ከሆነ ሀገር ልስጥህ" አልኩት። አልሳቀም።

የካቲት 20 የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ጥፋተኛ ከተባልኩ ስንብት ነው። ጡረታዬ ሊደርስ ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ ፈተና ሸጠች ተብዬ ልወጣ ነው ማለት ነው።

ማሸጊያህን ብርሃን ላይ ይዤ ሳይ፣ አንተ ከፖስታው ውስጥ እኔን እያየኸኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ "ድምፅ ይሰማል?" አልክ። "ይሰማል" አልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማርክ፣ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ተማሪዎቹ እንኳን ገብቷቸዋል፤ አንዷ "እትዬ፣ ከዶክተሩ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?" አለችኝ። "ኬብሉ ነው" አልኳት።

የድጋፍ ደብዳቤውን ተወው። አሁን የምለምንህ ፎቶውን ነው። ኃላፊው አይቶታል፣ ዲኑ አይቶታል፣ ሬጅስትራሯ አይታዋለች። የተከሰስኩት እኔ ግን አላየሁትም። አትመህ ላክልኝ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም፤ በስልክ ብታገኝህ አንተም እንዳትነግራት።

እህትህ

የካቲት 8

እትዬ፤

ለዚህ ደብዳቤ ምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚገባው አስቤ ስላጣሁት፣ ጤና ይስጥሽ ብዬ ልጀምር።

ሦስት ፖስታ ልኬአለሁ። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አንቺን ለይቼ አልጠረጠርኩሽም፤ ሦስታችሁንም እኩል ነው የጠረጠርኩት። ይህ እንደማያጽናናሽ ይገባኛል። በሁለተኛው ሳምንት የማስተምረው ይኸው ነው፦ የምታምነውንም ፈትሽ፤ በተለይ የምታምነውን። አንቺም ከኋላ ቆመሽ ራስሽን ስትነቀንቂ በካሜራው አይቼሻለሁ። አምና ፈተናው በማን እጅ እንደወጣ ሳላውቅ ቀረሁ። ዘንድሮ ማን ጋ እንደተከፈተ ልወቅ አልኩ። አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላሰብኩበትም።

ያልደወልኩት ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማምንሽ ስለማውቅ ነው። ያን ጊዜ ጥሩ ምክንያት መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው አይመስልም።

ለኮሚቴው ጽፌአለሁ። ቁጥሩ የሚያሳየው ፖስታውን እንጂ እጁን አይደለም ብያለሁ። ኃላፊው "አስተያየትዎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል" ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ተያይዞ የሚቀር ወረቀት ማንም እንደማያነበው ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የፎቶው እትም ከዚህ ጋር አለ። ላኪው የማይታወቅ አድራሻ ነው። ስም የለውም፣ አንድም ቃል አልጻፈም። ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጣት አይታይበትም፣ ጥላ የለበትም፣ የጠረጴዛ ጠርዝ የለበትም። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው ብዬ ተውኩት። አንቺ ደግሞ እዪው።

የረሳሽው ነገር ካለ ግን አሁን ንገሪኝ። የማንም ስም ቢሆን።

መፍቻ

የካቲት 21

ለወንድሜ ለመፍቻ፤ በሰላም ያቆይህ። የላቡ ቁልፍ አሁንም አንገቴ ላይ ነው።

የረሳሁት ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ ልበልህ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰ። የላክኸው ነገር ፎቶ አይደለም። በቀኝ ጠርዙ በኩል ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ግራጫ መስመር አለ፤ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። አንተ ቆሻሻ መስሎህ ይሆናል። ያንን መስመር አሥራ አንድ ዓመት በአልኮልና በጨርቅ ስፈትገው ኖሬአለሁ። አይለቅም፤ የኮፒ ማሽናችን መስታወት ጭረት ነው። የወጣ ቅጂ በስልክ ቢነሳ ደግሞ የወረቀቱ ዳር፣ ጥላው፣ አንድ ነገር ይታያል። ይህ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። በሰው እጅ አልተነሳም። ማሽኑ ያየው ነው፤ ከማሽኑ ሆድ ነው የወጣው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ "የረሳ የሚመስል መሣሪያ ሁሉ አልረሳም" ብለህ ነበር። የተናገርከው ስለሚጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው። ኮፒ ማሽን ያባዛውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ እንዳለው አላነሳህም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። ከኔትወርኩ እየሸሸህ ቴምብር ለጥፈህ፣ መጨረሻ ላይ እኔን ከኔትወርኩ ጋር በኬብል ወደ ታሰረ ማሽን ላክኸኝ። ኬብሉን ያሰርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ እኮ ነበር! የማሽኑ የኋላ በር ግን ክፍት ነበር።

ረቡዕ ከላቡ ኮምፒውተር ላይ የማሽኑን አድራሻ ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሄጄ የወረቀት መጨመሪያውን ክዳን ከፈትኩ፤ ከፋብሪካ እንደመጣ እዚያው ተለጥፏል። አስገባሁት፤ ከፈተልኝ። ግቢው ሦስት ወር ያባዛው ሁሉ ተደርድሯል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የገጽ ብዛት። "ጥር 12፣ 7፡41፣ ሦስት ገጽ፣ 43 ቅጂ" የሚለው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

ሹክሹክታ የምንላት ተማሪ ናት። ስሙ የወጣላት በስክሪን ስትጠይቅህ "ማይክሽን ክፈቺ" ስለምትላት ነው፤ ማይኳ ሁልጊዜም ክፍት ነው።

"እትዬ፣ አገኙት?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቀዳዳውን። ለዶክተሩ ልኬላቸው ነበር። ምንም አላሉኝም።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ነጥብ እንኳን ባይሰጡኝ 'ደረሰኝ' ይላሉ ብዬ ነበር።"

"ስምሽን ለምን አልጻፍሽም?"

"ቀዳዳ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይጠብቅ ብለውናል።"

"ምን እንደሆነስ? 'ይህ ከኮፒ ማሽኑ የተገኘ ነው' የሚል አንድ መስመር ምን ነበረበት?"

"እንዴት እንደሚጻፍ ገና አልደረስንበትም።" ስልኳን አውጥታ የኮርሱን ዝርዝር አሳየችኝ። እውነቷን ነው። ቀዳዳ መፈለግን በአምስተኛው ሳምንት አስተማርካቸው። ያገኙትን ማሳወቅ አሥራ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው ያለው።

"ለማን አሳየሽው?"

"ለማንም። የመጀመሪያውን ገጽ ሳየው ፈተና መሆኑን አወቅኩ፤ ሌላውን አልከፈትኩም። ፈተናው ላይ የዚያን ገጽ አራት ጥያቄዎች ባዶ ትቻቸዋለሁ። አይቻቸዋለሁ እኮ።"

መፍቻ፣ አንተ ከሚገባው በላይ የመለሰ ስትፈልግ ነበር። አራት ጥያቄ ባዶ የተወ አልፈለግክም።

ነገሩ ምን ላይ እንዳደረሰኝ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ኮሚቴው ፊት ቀርባ ልትናገር ተነሳች። ተቀመጪ አልኳት። ተማሪ ከሆነች ማባረር ይቀናቸዋል፤ አንዴ ከተባረረች "ለካ ጥሩ ሠርታ ኖሯል" የሚል ደብዳቤ ማንም አይጽፍላትም። "አንቺ ያላወቅሽውን ዶክተሩ አላስተማረሽም። እኔ ደግሞ የማውቀውን ላሳያቸው ነው" አልኳት።

ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ። አምስት ናቸው፤ ዲኑ መሃል። ኃላፊው ስለ 23 ቁጥር ተናገረ፤ ስለተቃጠለው ወረቀት ተናገረ። ያንን ስጠየቅ ራሴ ነበርኩ የነገርኩት። ዲኑ "የምትይው አለሽ?" አለኝ።

"የምለው የለኝም። የማሳየው አለኝ፤ ፕሮጀክተሩን ልጠቀም" አልኩት።

ሰክቼ የማሽኑን ዝርዝር ግድግዳው ላይ አወጣሁት። የጥር 12ን ላሳያቸው ነበር የሄድኩት። ዝርዝሩ ግን ከአዲሱ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው መስመር ላይ "ዛሬ፣ 2፡50፣ አንድ ገጽ፣ 6 ቅጂ" ይላል። ኮሚቴው ከመቀመጡ አሥር ደቂቃ በፊት ማለት ነው። ጫንኩት።

ግራጫዋ መስመር መጣች። ቀጥሎ የእኔ ስም። ቀጥሎ "በቀረበው ማስረጃ መሠረት ጥፋተኛ ሆነው በመገኘትዎ ከየካቲት 21 ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን…" ይላል።

ሬጅስትራሯን ሳል ያዛት። ኃላፊው ብርጭቆውን አንስቶ ባዶ መሆኑን ሲያይ እንደያዘው ቀረ። ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ማንበብ ደግሞ እችላለሁ። ከዚያ "ይህን ለማየት ቢሮአችሁ አልገባሁም፣ መሳቢያ አልከፈትኩም፣ ማንንም አላባበልኩም። ፈተናውም የታየው እንዲህ ነው" አልኳቸው።

"ይዝጉልን" አለ ዲኑ። በሃያ ሁለት ዓመት እርስዎ ያለኝ የመጀመሪያው ነው። ካንተ ሲመጣ ያስከፋኝ ቃል ከሱ ሲመጣ ደስ አለኝ፤ ምን ይደረግ።

ክሱ እዚያው ቀረ። ሲወጡ ግን ዲኑ አስቀረኝ። "ማን ነው የገባው?"

"ያገኘው ሰው በዚያው ሰዓት ለአስተማሪው አሳውቋል። ለሌላ ለማንም አላሳየም። ስሙን ከእኔ አያገኙም።"

"እንግዲያው ነጻ የሚያደርግሽ ደብዳቤም ይዘገያል።" አንቺ ወደ ማለት ተመልሷል።

"ይዘግይ" አልኩ።

እስኪጻፍ ድረስ መዝገቤ ክፍት ነው። መዝገቡ ክፍት የሆነ ሰው ለሥራ ቦታ አይወዳደርም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ያለፈው ፈተና ተሰርዟል፤ አዲሱ ለመጋቢት 16 ተቆርጧል። የማሽኑን የይለፍ ቃል ቀይሬአለሁ፣ ሆዱንም አጽድቻለሁ። አንተ ለዲኑ ጻፍለት፤ የደረሰህ ጥቆማ እንጂ ስርቆት እንዳልነበረ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የመልስ ወረቀቶቹን መልሰህ ብታይ ልጅቷን ታገኛታለህ። ባታይ ይሻላል። ራሷ ትጽፍልሃለች።

ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ ትንሽ ሥራ ሳይበዛበት አልቀረም።

እህትህ

መጋቢት 4

እትዬ፤ ለአንቺም ለእናትሽም ጤና ይብዛላችሁ።

ይቅርታ። ይህችን ቃል መጀመሪያ ላይ ያደረግኳት በሌላ ነገር ተሸፍና እንዳታልፍሽ ነው።

ወረቀቶቹን መልሼ አየሁ፤ ባታይ ይሻላል ያልሽኝን አልሰማሁም። ባዶውን ገጽ ሳገኝ ግን ስሙ ወዳለበት ገጽ አልሄድኩም። ዘጋሁት። ሃያ ጊዜ ያየሁትን መስመር አንቺ አንዴ አይተሽ አወቅሽው። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ኮሪደር ላይ አራት ኮፒ ማሽን አለ፤ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሄጄ የአራቱንም ክዳን ከፈትኩ። በሦስቱ ላይ የይለፍ ቃሉ ተለጥፏል።

ለዲኑ ጽፌአለሁ። የደረሰኝ የጥቆማ መልእክት እንደነበረ፣ ሌብነት ነው ብዬ የተረጎምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በማሽኑ እንዲባዛ ያዘዝኩትም እኔ እንደሆንኩ፣ ስም የሚፈለግ ከሆነ የእኔ እንዲመዘገብ ገልጫለሁ። የአንቺ መዝገብ ሳይዘጋ የሚቀጥለውን ወሰነ ትምህርት እንደማልቀበልም ጨምሬአለሁ። ይህን ያህል ተማሪ የሚከታተለው ኮርስ ሌላ የላቸውም፤ ይጽፉልሻል። የድጋፍ ደብዳቤሽም አብሮ ሄዷል። አልቀባባሁትም። ስለ ጓጉንቸሮቹ ጻፍኩ፤ ያን ቀን ካሜራው እየቀዳ ነበር። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቼ እንደዚያ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።

የማሳወቅን ትምህርት ወደ መጀመሪያው ሳምንት አምጥቼዋለሁ።

አዲሱን ፈተና አንቺ አውጪ። የኮርሱ አስተማሪ ፈቃድ እንደሆነ ለትምህርት ክፍሉ በፊርማዬ አሳውቄአለሁ። ለእኔ አትላኪው፣ በስልክም አትንገሪኝ። ሳላየው ይሰጥ።

መፍቻ

መጋቢት 16

ለወንድሜ ለመፍቻ፤ ሰላምታው አጭር ነው፣ ከዲኑ ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍልህ። ደህና ሁን፣ ቤተሰብህም ደህና ይሁን። ቀሪውን እንደሞላሁት ቁጠረው።

ደብዳቤህ ሠርቷል። ጸሐፊዋ ጠዋት ጠራችኝ፤ ነጻ የሚያደርገኝ ወረቀት ተተይቦ፣ ተፈርሞ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ከዚህ ሆኜ ስሜ ይነበበኛል። የቀረው ማህተሙ ነው። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ያለው ሰውዬ "አሁን መጣሁ" ብሎ ወጥቷል። ስለ ቁልፍ አያያዝ ሦስት ዓመት ያስተማርከውን ነገር እነዚህ ሰዎች ጋ ብታመጣው አንድ ሙሉ ወር ይፈጅብሃል። ሦስት ሰዓት ላይ መጣሁ። አሁን ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። ፈተናው አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል።

ከቤታቸው የሚማሩት ዘጠኙም ለፈተናው መጥተዋል፤ ያለፈውን በሌላ አዳራሽ ስለተፈተኑ አላየኋቸውም ነበር። አንደኛውን ሳየው ደነገጥኩ፣ ከቁመቱ የተነሳ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ስክሪን ላይ ሁሉም እስከ ትከሻ ብቻ ናቸው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትንሽ ልጅ እያልኩ ስቆጣው ነበር። "እትዬ ኬብል እርስዎ ኖት?" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከኋላዬ የሚሉኝን ከፊት ለፊቴ ነገረኝ፤ ልጁ አላወቀም፣ እኔም አላሳወቅኩትም።

ሹክሹክታ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፋልሃለች። ምን እንዳገኘች፣ እንዴት እንዳገኘች፣ ምን እንዳልነካች፣ ምን ቢደረግ እንደሚዘጋ። ስሟም አለበት። ሦስት ጊዜ አስተካክዬ አስመለስኳት። መጀመሪያ ላይ በይቅርታ ነበር የጀመረችው፤ ይቅርታውን አስወጣሁት። ለሰው ቀዳዳውን ያሳየ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም፤ ቀዳዳ ያለው ነው የሚጠይቀው።

ስለ ፈተናው ስድስት ጥያቄ ነው ከማለት ውጭ አልነግርህም። አንተው ነህ አትንገሪኝ ያልከው። አንደኛውን ግን ስትሰማ ጆሮህ ይቀላል። ኃላፊው "ወረቀቱን ለማባዛት ሰው ልመድብልሽ?" አለኝ። ወረቀት የለም አልኩት። ስድስቱም በቃሌ ነው ያሉት፤ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ። የላቡ ረዳት ሆኜ የፈተና ወረቀት ጠብቄ አውቃለሁ፤ ፈተና ራሴ ሆኜ ግን አላውቅም። ዛሬ ጠዋት መንገድ ስሻገር ግራና ቀኝ ሁለቴ አየሁ።

አሥር ጉዳይ።

ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አይታ ተመለሰች። "እየመጣ ነው መሰለኝ" ትላለች።

"መሰለሽ ወይስ እየመጣ ነው?"

"እትዬ፣ አንድ ወር የጠበቁትን አምስት ደቂቃ ያቅትዎታል? ያለ ማህተም እኮ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ዲኑም ከሰዓት መንገድ ይወጣሉ፤ ዛሬ ካልወሰዱት ሳምንት ነው።"

እውነቷን ነው። ደህና ልጅ ናት፣ ሻይም አምጥታልኛለች። የረዳት አስተማሪው ማመልከቻ መዝጊያ ደግሞ ዓርብ ስለሆነ፣ ሳምንት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። ከዚህ በላይ አልጽፍበትም።

አምስት ጉዳይ። ከመስኮቱ ላቡ ይታየኛል። በሩን ስለቆለፍኩት ሁሉም ደረጃው ላይ ቆመዋል፣ ያ ረጅሙ ከሁሉም በላይ ይታያል። አንዳንዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሹክሹክታ ወደዚህ ሕንፃ ነው የምታየው።

ተነስቻለሁ። የቀረውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ ፖስታ ሳጥኑ በመንገዴ ላይ ነው። ጸሐፊዋ "የት ነው እትዬ? ቁልፉ መጣ እኮ፣ ደረጃው ላይ ነው!" ትላለች።

"ክፍል አለኝ" አልኳት።